አንድ ኪሮሽ ወይስ ሁለት መርፌ?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከክር ሥራ ጀማሪዎች የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ በሁለት መርፌ ሹራብ መሥራትንና በኪሮሽ መሥራትን እያነጻጸሩ ይጠይቃሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ክር ነክቼ አላውቅም። ግማሹ ሰው «በኪሮሽ ጀምሪ» ይለኛል፤ ግማሹ «ሹራብ ይቀላል» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። በኪሮሽ ሲሠሩ ክፍት ሆኖ የሚቆየው አንድ ቀለበት ብቻ ነው፤ ኪሮሹ ላይ ያለው። ከእሱ በፊት የሠሩት ሁሉ ተዘግቷል። በሁለት መርፌ ሲሠሩ ግን የረድፉ ቀለበቶች በሙሉ፣ 30 ከሆኑ 30ዎቹም፣ መርፌው ላይ ክፍት ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሞላ ጎደል ከዚህ የሚመጣ ነው። ኪሮሹ ከእጅዎ ቢወድቅ የሚፈታው አንድ ቀለበት ነው፤ መልሰው ያነሱታል። መርፌው ቢወጣ ግን ሠላሳ ቀለበት አፉን ከፍቶ ይቀርብዎታል። በሌላ በኩል በመርፌ የተሠራው ጨርቅ የሚለጠጠውና ሰውነት ላይ ደህና የሚወድቀው ቀለበቶቹ እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ነው። በኪሮሽ የተሠራው ወፍራምና ቅርጹን የሚጠብቅ ይሆናል።

ስለ መማሩ ከሆነ፣ በሁለት መርፌ ከባዱ መጀመሪያው ነው። ሁለት እጅ፣ ሁለት መርፌና አንድ ክር በአንድ ጊዜ መያዝ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያደክማል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ እንቅስቃሴ ብቻ አውቀው ሙሉ የአንገት ሻርፕ መጨረስ ይችላሉ። ኪሮሽ ተቃራኒው ነው። ሰንሰለት፣ ማለትም ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየሳቡ የሚሠሩትን መነሻ፣ በግማሽ ሰዓት ይለምዱታል፤ ችግሩ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይመጣል፤ ኪሮሹን የት ቀዳዳ ውስጥ እንደሚያስገቡ ዓይንዎ መለየት አለበት።

ስለዚህ የሚመርጡት በሚፈልጉት ዕቃ ይሁን። ዳንቴል፣ ቦርሳ፣ አሻንጉሊት፣ በቁራጭ የሚገጣጠም ብርድ ልብስ ካማረዎት ኪሮሽ ይያዙ። የሚለበስ ሹራብ ወይም ካልሲ ከሆነ ሐሳብዎ በቀጥታ መርፌ ያንሱ። «መጀመሪያ ኪሮሽ ልማርና ከዚያ ወደ ሹራብ ልሻገር» የሚባለው ብዙ አይጠቅምም፤ አንዱ ለሌላው መሰላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ለመጀመር ምን ልግዛ? ክሩ ዓይነቱ በዛብኝ።

መልስ፦ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ለስላሳና ፀጉር የሌለው፣ ፈካ ባለ አንድ ቀለም የተነከረ ክር ይምረጡ። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ለጀማሪ አይሆንም፤ በጨለማ ክር ላይ ቀለበት ከቀለበት አይለይም። ፀጉራም ክር ደግሞ ስሕተት ሲተረተር እርስ በርሱ ይያያዛል። ብዙ አምራቾች ውፍረቱን ከ0 እስከ 7 ባለ ቁጥር መለያው ወረቀት ላይ ያትማሉ፤ የእርስዎ 4 ቁጥር ይሁን። ለዚህ ውፍረት 5 ሚሊሜትር የሹራብ መርፌ፣ ወይም 5.5 ሚሊሜትር ኪሮሽ ይስማማል።

መርፌው የቀርከሃ ወይም የእንጨት ቢሆን ይመረጣል። ብረት ላይ ቀለበቱ ይንሸራተታል፤ ልምድ ላለው ሰው ፍጥነት ነው፣ ለጀማሪ ግን ማምለጫ። ለኪሮሽ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ የአሉሚኒየሙ ይበቃል።

ከክሩ ጥሬ ዕቃ ሱፍ ተለጣጭ ስለሆነ የእጅን አለመስተካከል ይሸፍናል፤ ነገር ግን በሙቅ ውኃ ታሽቶ ከታጠበ ይኮማተርና እንደ ምንጣፍ ይጠጥራል። አክሪሊክ በቀላሉ ይታጠባል፤ ካውያ ሲነካው ግን ይቀልጣል። ጥጥ አይለጠጥም። በመርፌ ሲሠሩት ጣት ያደክማል፣ በኪሮሽ ግን ጥሩ ነው፤ ስፌቱ ጥርት ብሎ ይታያል።

ከአንድ በላይ ጥቅል ሲገዙ ወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ዙር ቁጥር አንድ መሆኑን ይመልከቱ። በተለያየ ዙር የተነከሩ ሁለት ጥቅሎች መደርደሪያ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ሥራው ላይ ግን መጋጠሚያቸው መስመር ሠርቶ ይታያል።

ጥያቄ፦ በኪሮሽ አራት ማዕዘን የጀመርኩት ሥራ ወደ ላይ እየጠበበ ሦስት ማዕዘን ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ በየረድፉ ዳር ላይ አንድ ስፌት እየዘለሉ ነው። ይህ በኪሮሽ ጀማሪዎች ላይ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ስሕተት ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን።

ረድፍ ሲጨርሱ ሥራውን አዙረው ወደ ቀጣዩ ረድፍ ከፍታ የሚያደርስ ሰንሰለት ይሠራሉ። ግራ የሚያጋባው ይህ ሰንሰለት ነው፤ እንደ ስፌት የሚቆጠርበትና የማይቆጠርበት ጊዜ አለ።

በአጭሩ ስፌት ሲሠሩ፣ ማለትም ኪሮሹን አስገብተው ክር ስበው፣ ከዚያ እንደገና ክር ይዘው ሁለቱን ቀለበት በአንድ ጊዜ ሲያሳልፉ፣ የማዞሪያው ሰንሰለት 1 ነው፤ አይቆጠርም። ስለዚህ የረድፉ የመጀመሪያ ስፌት የሚገባው እዚያው ጥግ ላይ ባለው በመጀመሪያው ስፌት ራስ ውስጥ ነው። 20 ስፌት ለማግኘት 21 ሰንሰለት ሠርተው ከኪሮሹ ሁለተኛው ላይ ይጀምራሉ።

በረጅሙ ስፌት፣ ማለትም ኪሮሹ ከመግባቱ በፊት ክር አንድ ጊዜ በሚጠመጠምበት፣ የማዞሪያው ሰንሰለት 3 ነው፤ እንደ አንድ ስፌት ይቆጠራል። ስለዚህ ጥግ ላይ ያለውን ራስ ዘልለው ሁለተኛው ላይ ይገባሉ። ዕዳው የሚከፈለው በረድፉ መጨረሻ ነው። የመጨረሻውን ስፌት የታችኛው ረድፍ የማዞሪያ ሰንሰለት አናት ላይ መሥራት አለብዎት። ይህ አናት እንደ ስፌት ስለማይመስል ጀማሪ ትቶት ያዞራል፤ በየረድፉ አንድ ይጎድላል፤ ከአሥር ረድፍ በኋላ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ያገኙታል። እዚህ 20 ስፌት የሚፈልግ ሰው 22 ሰንሰለት ሠርቶ ከኪሮሹ አራተኛው ላይ ይጀምራል፤ የተዘለሉት ሦስቱ እንደ አንድ ስፌት ስለሚቆጠሩ ድምሩ 20 ይመጣል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የየረድፉን የመጀመሪያና የመጨረሻ ስፌት በሌላ ቀለም ቁራጭ ክር ምልክት ያድርጉ። ሥራውን ከላይ ወደ ታች ሲያዩት ደግሞ እያንዳንዱ ስፌት አናቱ ላይ የተጋደመች የV ፊደል የመሰለች ቅርጽ አለችው፤ ሁለት ክር ጫፍ ላይ ተገናኝተው። እሷን ይቁጠሩ። ቁጥሩ ካልገጠመ ያንን ረድፍ ይተርትሩት፤ በኪሮሽ መተርተር አያስፈራም፤ ክሩን ይስቡና ስሕተቱ ጋ ሲደርሱ ያቁሙ።

ሥራው ከታች ጠቦ ከላይ ከሰፋ ግን ሌላ ነገር ነው። መነሻ ሰንሰለትዎ ጠብቋል ማለት ነው። ሰንሰለቱን ብቻ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር በሚወፍር ኪሮሽ ሠርተው ከዚያ ወደ ተለመደው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ በ30 ቀለበት የጀመርኩት ሻርፕ አሁን ስቆጥር 37 ሆኗል። መሐሉ ላይም ቀዳዳ አለ። በሁለት መርፌ ነው የምሠራው።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች ተደርበዋል።

ቀዳዳ ካለ ክሩ ሳያውቁት መርፌው ላይ ተጠምጥሟል። ቀጥ ባለው ጥልፍ፣ ማለትም መርፌው ከፊት ወደ ኋላ በሚገባበት፣ ክሩ ሁልጊዜ ከሥራው በስተኋላ መሆን አለበት። በሁለት መርፌዎቹ መካከል ወደ ፊት መጥቶ ቀጣዩን ቀለበት ሲሠሩ መርፌውን ያቋርጥና አዲስ ቀለበት ይሆናል። በሚቀጥለው ረድፍ ያንን ትርፍ ክር ሳይሠሩት ከመርፌው ቢጥሉት ችግሩ ይጠፋል፤ ረድፎች ካለፉ በኋላ ግን ወደዚያ መመለስ ግድ ነው።

ሥራው ዳር ዳሩ ላይ ቀዳዳ ሳይኖር ከሰፋ ደግሞ ጥፋቱ የረድፉ የመጀመሪያ ቀለበት ነው። ሥራውን ሲያዞሩ ክሩ በመርፌው ላይ ተሻግሮ ወደ ኋላ ከተሳበ፣ የመጀመሪያው ቀለበት ተገትሮ ሁለት እግሩ ይታያል፤ ሁለት ቀለበት ይመስላል፤ ሁለቱንም ይሠሯቸዋል። ረድፍ ከመጀመርዎ በፊት ክሩን ከመርፌው በታች ወደ ኋላ ያሳልፉት። አንድ ቀለበት ብቻ ይታይዎታል።

ሦስተኛም አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ረድፍ መሐል ላይ አቁመው ሥራውን ካስቀመጡ በኋላ ሲያነሱት መርፌዎቹን አቀያይረው መያዝ ነው። ከጥቅሉ የሚመጣው ክር በቀኝ እጅዎ ካለው መርፌ የመጨረሻ ቀለበት ላይ መንጠልጠል አለበት። በግራው ላይ ከሆነ የተሳሳተ አቅጣጫ ይዘዋል፤ ከቀጠሉ አንዱ ጎን በሁለት ረድፍ ይበልጣል። ባይሆን ረድፉን ጨርሰው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ አንድ ቀለበት አምልጦኝ እንደ መሰላል ወደ ታች ወረደ። ሁሉንም ልፍታው?

መልስ፦ አይፍቱት። መጀመሪያ ያመለጠው ቀለበት ከዚህ በላይ እንዳይወርድ በመርፌ ቁልፍ ይያዙት። ከዚያ ኪሮሽ ያምጡ፤ በሁለት መርፌ ብቻ የሚሠራ ሰው እንኳ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ኪሮሽ የሚያኖረው ለዚህ ነው። በለስላሳው የሥራው ፊት ሆነው ኪሮሹን በቀለበቱ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ ያስገቡ፤ ከመሰላሉ ደረጃዎች የታችኛውን ይያዙና በቀለበቱ ውስጥ ይሳቡት። አንድ ደረጃ ተጠገነ። እንዲሁ እያሉ እስከ መርፌው ይውጡ። የታችኛውን ደረጃ ዘልለው የላይኛውን ቢይዙ ከኋላ የተንጠለጠለ ክር ይቀራል። ሥራው ሁሉም ረድፍ በቀጥ ጥልፍ የተሠራና በሁለቱም ፊት ጉብ ጉብ ያለ ከሆነ፣ አንዱን ደረጃ ከፊት፣ ቀጣዩን ከኋላ እየሳቡ ይወጣሉ።

ብዙ ረድፍ መተርተር ግድ ከሆነ ደግሞ ከመተርተርዎ በፊት ሊመለሱበት በሚፈልጉት ረድፍ ቀለበቶች ውስጥ 3 ሚሊሜትር የሚሆን ቀጭን መርፌ ያሳልፉ። ክሩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ቀለበቶቹም ተሰልፈው ይጠብቁዎታል። ውስብስብ ንድፍ የሚሠሩ ሰዎች በየ10 እና 20 ረድፉ ለስላሳ ክር በቀለበቶቹ ውስጥ አሳልፈው የሚተዉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የሠራሁት ሻርፕ ዳርና ዳሩ ተጠቅልሎ ቱቦ ሆነ። ብተኩሰው ይስተካከላል?

መልስ፦ አይስተካከልም። አክሪሊክ ከሆነማ ካውያው ያበላሸዋል። የሠሩት አንድ ረድፍ ቀጥ፣ አንድ ረድፍ ግልብጥ (መርፌው ከኋላ ወደ ፊት የሚገባበት) በሆነው ጥልፍ ይመስላል። ያ ጥልፍ ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው ጉብ ጉብ ነው፤ የሁለቱ ወገን ጉልበት እኩል ስላልሆነ ጎኖቹ ወደ ጀርባ፣ ላይና ታቹ ወደ ፊት ይጠቀለላሉ። ተፈጥሮው እንጂ የእጅዎ ጥፋት አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉንም ረድፍ በቀጥ ጥልፍ ብቻ ይሥሩ፤ ሁለቱ ፊት አንድ ዓይነት ስለሚሆን ተዘርግቶ ይተኛል። ወይም ለስላሳውን ከወደዱት በሁለቱ ጎን 5 ቀለበት፣ ከላይና ከታች 6 ረድፍ በቀጥ ጥልፍ ብቻ ይክበቡት። የኪሮሽ ሥራ እንዲህ ብዙ አይጠቀለልም።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ሻርፕ ስንት ቀለበት፣ ስንት ክር? ኪሮሽ ክር ይበላል የሚባለውስ?

መልስ፦ በ4 ቁጥር ክርና በ5 ሚሊሜትር መርፌ 30 ቀለበት 18 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ይሰጣል። ርዝመቱ 150 ሴንቲሜትር ከሆነ 200 ግራም ክር ይበቃል። ቀለበቶቹን የሚጀምሩት ረጅም የክር ጫፍ በሚተውበት ዘዴ ከሆነ ለአንድ ቀለበት 2.5 ሴንቲሜትር ክር ያስቡ፤ ለ30ው 75፣ ለመቋጫ 20 ጨምሩበት፤ አንድ ሜትር ቢተዉ አያጥርም። 28ኛው ላይ ሲያልቅ ያናድዳልና ማትረፍ ይሻላል።

ኪሮሽ ክር ይበላል የሚባለው እውነት ነው፤ በተለይ አጭሩ ስፌት፤ ክሩ በራሱ ላይ ስለሚደራረብ። ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን በጥልፉና በእጅዎ ጥብቀት ይወሰናል፤ ስለዚህ ይመዝኑት። 10 በ10 ሴንቲሜትር ናሙና ሠርተው በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ያስቀምጡ። ለምሳሌ 5 ግራም ቢመዝን፣ 20 በ150 የሆነ ሻርፕ 30 እንዲህ ያለ ቁራጭ ነውና 150 ግራም ይፈልጋል፤ አንድ አሥረኛ ለመጠባበቂያ ይጨምሩ።

ያው ናሙና ለልክም ይሠራል። ንድፉ በ10 ሴንቲሜትር 18 ቀለበት ብሎ እርስዎ 20 ካገኙ እጅዎ ይጠብቃል። ለሻርፕ ምንም አይደለም። ደረቱ 100 ሴንቲሜትር እንዲሆን በ180 ቀለበት የታቀደ ሹራብ ግን በእርስዎ እጅ 90 ይሆናል፤ አይገባም። ቀለበት ከመጨመር ይልቅ መርፌውን በ0.5 ሚሊሜትር አወፍረው እንደገና ናሙና ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የኪሮሽ ንድፍ ቃል በቃል ብከተልም ሥራዬ በእጥፍ ረዘመ። ለምን?

መልስ፦ ንድፉ አሜሪካዊ ነው ወይስ እንግሊዛዊ? ሁለቱ በአንድ ስም የተለያየ ስፌት ይጠራሉ። አሜሪካኖች «ሲንግል ክሮሼ» የሚሉትን አጭሩን ስፌት እንግሊዞች «ደብል ክሮሼ» ይሉታል። የአሜሪካኖቹ «ደብል» ደግሞ ረጅሙ ነው፤ እንግሊዞች «ትሬብል» ይሉታል። የእርስዎ ንድፍ እንግሊዛዊ ሆኖ እንደ አሜሪካ አነበቡት። መለያው ቀላል ነው፤ ንድፉ ውስጥ «ሲንግል» የሚለው ቃል ካለ አሜሪካዊ ነው፤ በእንግሊዞች አጠራር እንዲህ የሚባል ስፌት የለም። በሁለት መርፌ ሥራ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ቀጥና ግልብጥ በሁለቱም አገር አንድ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለልጅ አሻንጉሊት በኪሮሽ ልሠራ ነው። ክቡ ጠርዝ አንዴ እንደ ቆብ ይታጠፋል፣ አንዴ እንደ ቀሚስ ይጥመለመላል።

መልስ፦ ቁጥሩ ነው። በአጭሩ ስፌት ዝርግ ክብ የሚመጣው በየዙሩ 6 ሲጨመር ነው፤ መነሻው 6፣ ከዚያ 12፣ 18፣ 24። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ስፌት ላይ ሁለት ይሠራሉ፤ በሦስተኛው አንድ ነጠላ፣ አንድ ጥንድ፤ በአራተኛው ሁለት ነጠላ፣ አንድ ጥንድ። ከ6 ካነሰ ይታጠፋል፤ ከበዛ ይጥመለመላል። ለአሻንጉሊት ራስ መታጠፉን ራስዎ ይፈልጉታል፤ የሚፈልጉት ስፋት ላይ ሲደርሱ መጨመር ያቁሙ፤ ግድግዳው በራሱ ይቆማል። ዙሩ የት እንደጀመረ በምልክት ክር ይያዙ፤ ካልያዙ ይጠፋል።

ኪሮሹም የክሩ ወረቀት ከሚለው መቅጠን አለበት። ወረቀቱ 5 ካለ በ3.5 ይሥሩ፤ አለበለዚያ ውስጡ የሞሉት ጥጥ በቀዳዳው ይታያል። እንዲህ ያለውን ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ በሁለት መርፌ ማግኘት ይከብዳል፤ ለአሻንጉሊት ኪሮሽ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ በኪሮሽ ሁሉንም ገልብጠው በግራ እጅ ይሥሩ፤ የሚያስተምርዎትን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደ መስተዋት ይከተሉ። በሁለት መርፌ ግን እንደ ቀኞቹ መማሩን እንመክራለን። ሁለቱም እጅ ይሠራል፤ ክሩን በግራ እጅ የሚይዘውን ዘዴ ከመረጡማ ግራ እጅዎ ዋናውን ሥራ ያገኛል፤ ንድፎችንም መገልበጥ አይኖርብዎትም።

ጥያቄ፦ ከሁለቱ የቱ ይቀድማል? በታሪክ ማለቴ ነው።

መልስ፦ በመርፌ የሚሠራው። በግብፅ የተገኙ በመካከለኛው ዘመን የተሠሩ የጥጥ ካልሲዎች አሉ። የኪሮሽ ሥራ ዛሬ በምናውቀው መልኩ በአውሮፓ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በአየርላንድም በ1840ዎቹ ረኃብ ጊዜ ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ገመድ ሆኖ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ በ1589 የካልሲ መሥሪያ ማሽን ስለፈለሰፈ ሹራብ በማሽን ከተሠራ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። እውነተኛው የኪሮሽ ሥራ ግን እስከ ዛሬ በእጅ ነው። የኪሮሽ ልብስ ሲገዙ ዋጋው ከተወደደብዎት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ከረከሰ ደግሞ የሠራው ሰው ምን ያህል እንደተከፈለው ማሰብ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለቱን በአንድ ሥራ ላይ መቀላቀል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ያምራልም። በመርፌ የተሠራ ሻርፕ ወይም ብርድ ልብስ ዳሩን በኪሮሽ መክበብ ቅርጹን ያስይዘዋል። ጥንቃቄው የጎኑ ላይ ነው። የሹራብ ረድፍ ከቀለበቱ ስፋት ያጠረ ስለሆነ በየረድፉ አንድ ስፌት ቢገቡ ዳሩ ይጥመለመላል። ለስላሳ ፊት ባለው ሥራ ላይ ለ4 ረድፍ 3 ስፌት፣ ጉብ ጉብ ባለው ላይ ለ2 ረድፍ 1 ስፌት ይግቡ። ጥጎቹ ላይ በአንድ ቀዳዳ 3 ስፌት ይሥሩ፤ አለበለዚያ ጥጉ ይሳባል። ጫፉን ሲቆርጡ 15 ሴንቲሜትር ክር አስቀርተው በወፍራም መስፊያ መርፌ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ በስፌቶቹ ሆድ ውስጥ ያሳልፉት፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የገባ ጫፍ ሁለተኛው እጥበት ላይ ይወጣል።